ጣርማበር ላይ የምትጠጥረው ፊኛ

ያቺን እናት ይዘን ከቆላው ስንነሳ ሙቀቱ ገና አልበረደም ነበር። በኦፕራሲዮን ነው የወለደችው። ከወለደች በኋላ አንዘፈዘፋት። የእርግዝና ደም ግፊት የሚያመጣው ነው፤ በየወረዳው የምናውቀው፣ እናቶችን የሚነጥቀን በሽታ። መድኃኒቱ ተሰጣት፣ ማንዘፍዘፉ ቆመ፣ እሷ ግን አልነቃችም። ጉሮሮዋን ራሷ መጠበቅ ስላቃታት የመተንፈሻ ቱቦ አስገባንላት። እኛ ዘንድ የፅኑ ሕሙማን ክፍል አልነበረም። ሪፈር ተጻፈ፤ ወደ ደብረ ብርሃን።

የሰመመን ባለሙያ ነኝ። ቱቦ የገባለት ታካሚ ሲላክ አብሮ የሚሄደው አብዛኛውን ጊዜ እኔ ወይም ባልደረባዬ ነው። የዚያን ቀን አምቡላንሱ ጀርባ ላይ ታካሚዋ፣ አዋላጇ ሲስተር፣ የታካሚዋ እናትና እኔ ነበርን። እናትየው አዲሱን ሕፃን በጋቢ ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ለጥፈውታል። ቬንትሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) የለንም። አየር ወደ ሳንባዋ የሚገፋውን አምቡ ባግ በእጄ እጨምቃለሁ፤ በየአምስት በየስድስት ሰከንዱ አንድ ጊዜ።

መንገዱን ለምታውቁት ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። አርማኒያ ታለፈ። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ ወደ መስኮቱ ሮጥ ብለው መጡና አምቡላንስ መሆኑን ሲያዩ ተመለሱ። ከዚያ ያ ጠመዝማዛ የጣርማበር ዳገት ጀመረ።

ጥቂት ጥምዞች እንደወጣን ሹፌራችን ምራቃቸውን ዋጥ አደረጉና «ኤጭ፣ ጆሮዬ ድፍን አለ» አሉ። ለማንም አልነበረም፤ ለራሳቸው ነው ያወሩት።

የእኔም ተደፍኖ ነበር። በዚያ ዳገት ከልጅነቴ ጀምሮ ስመላለስ ሁሌም ይደፈናል። የዚያን ቀን ግን ንግግራቸው ውስጤ ቀረ። ጆሮ የሚደፈነው ውስጡ የተዘጋ አየር ስላለ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር የውጩ አየር ይሳሳል፣ የውስጡ መውጫ ፍለጋ ይገፋል። እኛ ምራቅ እንውጣለን፣ ጠቅ ይላል፣ ይከፈታል። እዚህ መኪና ውስጥ ሌላ የተዘጋ አየር የት አለ? ይህን ሳስብ ዓይኔ ታካሚዋ አፍ ጥግ ላይ ተንጠልጥላ ወደምትወዛወዘው ትንሽ ፊኛ ሄደ።

በሁለት ጣቴ ጫን አደረግኋት። ጠጥራለች። ስንነሳ እንዲህ አልነበረችም።

«ጋሼ፣ የሚመች ቦታ ሲያገኙ ያቁሙልኝ።»

«ምን ተፈጠረ ዶክተር?» እሳቸው ጋውን የለበሰውን ሁሉ ዶክተር ነው የሚሉት።

«ምንም አልተፈጠረም። ማዳመጥ ስላለብኝ ነው።»

«ጥምዙ ላይ አይሆንም። ዋሻው ሳንደርስ ሰፋ ያለ ቦታ አለ፤ እዚያ አቆማለሁ።»

ጣሊያን የቆፈረው ዋሻ ደጃፍ ስንደርስ ጉም ወርዷል። ሞተሩ ጠፋ። ብርዱ በበሩ ስንጥቅ ገባ። እናትየው ልጁን አጥብቀው ያዙና ወደ እኔ ዞሩ።

«ምነው ቆምን? ልጄ ሞተችብኝ?»

«ኧረ እማማ፣ ደህና ናት» አለቻቸው ሲስተር። «ይኸው ደረቷን ይዩት፤ ይነሳል።»

አምቡ ባጉን ለሲስተር ሰጠኋት። የፊኛዋን ግፊት የሚለካው ማኖሜትር አልነበረንም። ያለኝ ሲሪንጅና ጆሮዬ ነው። ማዳመጫውን አንገቷ ላይ አስቀመጥኩ። አየሩን በጥቂት በጥቂቱ ሳብኩ። ሲስተር ባጉን ስትጨምቅ አንገቷ ውስጥ ቀጭን የ«ሽሽ» ድምፅ ሲጀምር ቆምኩ። አየር በፊኛዋ ዳር ሾልኮ ማለፍ ጀመረ ማለት ነው። ከዚያ ድምፁ እስኪጠፋ ድረስ ብቻ ትንሽ መለስኩ። ይህ ሞተሩ እየጮኸ፣ መኪናው እየዘለለ የሚሠራ አይደለም።

እስካሁን ሲከነክነኝ የኖረው ግን ሌላ ነው። ሞኒተሩ ምንም አላለም። ሳቹሬሽኗ (በደሟ ያለው የኦክስጅን መጠን) ደህና፣ የልብ ምቷ ደህና፣ ሁለቱም የደረቷ ወገን እኩል ይነሳል። አንድም ማስጠንቀቂያ አልጮኸም። ሁሉም ነገር «ደህና ናት» እያለ ጉሮሮዋ ውስጥ ግፊቱ እየጨመረ ነበር።

ለእናትየው ማስረዳት ነበረብኝ። በዚያ ጉም ውስጥ ቆሞ «ምንም አይደለም» ማለት ሰውን የበለጠ ያስፈራል። «እማማ፣ ቱቦው ጉሮሮዋ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ እንዲቀመጥ የምታደርግ ፊኛ አለች። ዳገት ስንወጣ ትነፋለች። ትንሽ አስተነፈስናት» አልኳቸው።

«እንደ ጆሯችን?»

«አዎ፣ እንደ ጆሯችን።»

ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ታዲያ ስንወርድስ? ትሟሽሽ ይሆን?»

ፊደል ያልቆጠሩ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከቆላ ደጋ ሲመላለሱ የኖሩ እናት ናቸው። ጥያቄያቸው በትክክል መጠየቅ ያለበት ጥያቄ ነው። የዚያን ቀን መልሴ «አዎ፣ ትሟሽሻለች፤ ያኔ ደግሞ እንሞላታለን» የሚል ነበር። መልሱ ትክክል ነው፣ ግን በጣም አጭር ነው። ቀሪውን ከዚያ በኋላ ነው ስፈልገው የኖርኩት።

ታካሚዋን አስረከብን። ከቀናት በኋላ ቱቦው እንደወጣላት፣ ልጇንም ማጥባት እንደጀመረች ሰማሁ። ድምፅዋ ጎርነን ብሎ ነበር አሉ። በፊኛዋ ይሁን በሌላ ማንም ሊለይ አይችልም። ቱቦ የገባለት ሰው ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀናት ድምፁ ይጎረንናል።

ፊኛዋ የተሸከመችው ነገር

የሙያው ሰዎች ካፍ እንላታለን። ቱቦው ከድምፅ አውታር አልፎ ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። ካፏ እዚያ ተነፍታ የቧንቧውን ግድግዳ ትደገፋለች። ከአፍ ውጭ የምትንጠለጠለው ትንሿ ፊኛ ከእሷ ጋር በቀጭን መስመር የተገናኘች ናት። የውጭዋ ከጠጠረች የውስጧም ጠጥራለች።

ሁለት ሥራ አላት። የምንሰጠው አየር ወደ ሳንባ እንጂ ወደ አፍ እንዳይመለስ ትከላከላለች። ምራቅና ከሆድ የሚመጣ ፈሳሽም ወደ ሳንባ እንዳይወርድ ትይዛለች። ለዚህ የሚመከረው ግፊት ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ውሃ (የካፍ ግፊት የሚለካበት መለኪያ) ነው። ከ20 በታች ሲወርድ ፈሳሽ በዳሯ ይሾልካል፤ የሳንባ ምች የሚጀምረው ከዚያ ነው። ከ30 በላይ ሲወጣ ደግሞ የቧንቧውን ግድግዳ የሚመግቡ ጥቃቅን የደም ሥሮች መታፈን ይጀምራሉ። 50 አካባቢ ሲደርስ የደም ዝውውሩ በጣም ይጎዳል።

ግድግዳው ደም ሲያጣ መጀመሪያ ይቆስላል። ቁስሉ ከጠለቀ ይጠባሳል። ጠባሳው ቧንቧውን ያጠበዋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ታካሚው ከሆስፒታል ወጥቷል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ ያፏጫል። «አስም ነው» ይባልና መንፊያ ይሰጠዋል። ያ ጥበት ከየት እንደመጣ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚጠይቅ ሰው ጥቂት ነው። በአምቡላንስ ስለተወጣ ዳገት የሚጠይቅ ደግሞ ጭራሽ አላጋጠመኝም።

አሁን ዳገቱን በቁጥር እንየው። መነሻችን ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የጣርማበር አናት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ታች ያለው የአየር ግፊት 650 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው። ላይ 520 አካባቢ ይሆናል። ሮበርት ቦይል እ.ኤ.አ. በ1662 ያስቀመጠው ሕግ እንደሚለው፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ ግፊት ሲቀንስ የተዘጋ አየር በዚያው ልክ ይሰፋል። 650ን ለ520 ስናካፍል ሩብ ያህል ጭማሪ እናገኛለን። ቆላ ላይ 8 ሚሊ ሊትር የነበረው አየር ዳገቱ አናት ላይ 10 ሚሊ ሊትር ልሁን ይላል። የአየር ቧንቧው ግን አይሰፋለትም። ስለዚህ መስፋቱ ቀርቶ ግፊት ይሆናል።

ይህን ለማየት መሣሪያ አያስፈልግም። ጣርማበር ላይ የጠጣችሁትን ውሃ ባዶ ሃይላንድ ክዳኑን ግጥም አድርጋችሁ ሸዋ ሮቢት ውረዱ። ተጨራምቶ ታገኙታላችሁ።

በአየር የሚያመላልሱት ሰዎች

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ። ነገሩ አልለቀቀኝም፣ ፍለጋ ገባሁ። መልሱን በደንብ ተጽፎ ያገኘሁት ግን የመንገድ አምቡላንስ መመሪያዎች ላይ አልነበረም። በአውሮፕላንና በሄሊኮፕተር ታካሚ የሚያመላልሱ ሰዎች ዘንድ ነው። ለእነሱ ይህ የዕለት ጉዳይ ነው። ጎረቤታችን ናይሮቢ ላይ በራሪ ሐኪሞቹ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1957 ነው፤ ዛሬ አምሬፍ የምንለው ድርጅት ከዚያ ነው የተነሳው። ይህን ያህል ዘመን በአየር ታካሚ ሲጓጓዝ የተዘጋ አየር ሁሉ ጠላት መሆኑ ታውቋል። የካፍ አየር፣ በደረት ውስጥ ያፈተለከ አየር፣ በሆድ ውስጥ የተነፋ አየር። ሄሊኮፕተር ላይ የተደረጉ ልኬቶች አንድ ሺህ ሜትር እንኳን ሳይሞላ ከፍ ሲባል የካፉ ግፊት ከ30 እንደሚያልፍ አሳይተዋል። እኛ ከሸዋ ሮቢት የምንወጣው ከዚያ እጥፍ ገደማ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አስደነገጠኝ። የመንገደኛ አውሮፕላን ምንም ያህል ከፍ ብሎ ቢበር ካቢኑ ውስጥ አየር ይሞላል። ውስጥ ያለው ሰው የሚሰማው ከፍታ ቢበዛ 2,400 ሜትር ገደማ እንዲሆን ተደርጎ ነው የሚሠራው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 ከአፍሪካ ቀድሞ ያስገባው ድሪምላይነር ደግሞ ይህን ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ያወርደዋል። ደብረ ብርሃን ከተማ ያለችው 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። መሬት ላይ ሆነን ከአውሮፕላን ካቢን በላይ ነን ማለት ነው። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው። መንዝ፣ መሐል ሜዳ፣ አንኮበር አናት ላይ ያለውን አስቡት። የአየር ሕክምና ባለሙያ በጥንቃቄ የሚዘጋጅበትን ከፍታ የኛ አምቡላንስ በላንድክሩዘር ያልፈዋል። የሚዘጋጅለት ግን የለም።

ከዚያው ከአየር ሰዎቹ ሳነብ አንድ ሌላ ነገር ተማርኩ። ብዙ ቦታ «ከመነሳታችሁ በፊት ካፉን አስተንፍሱ» የሚል ምክር አለ። ይህ ምክር የተጻፈው ከባሕር ጠለል አጠገብ ለሚነሳ ሰው ነው። ቦሌ 2,300 ሜትር ላይ ነው። ከቦሌ በድሪምላይነር የሚነሳ ታካሚ አውሮፕላኑ ሽቅብ ሲወጣ ካቢኑ በተቃራኒው ወደ ዝቅተኛ ከፍታ ሊወርድ ይችላል። ካፉ መጠጠር ሳይሆን መሟሸሽ ይጀምራል። አስቀድሞ ያስተነፈሰው ባለሙያ ታካሚውን ለምራቅና ለትውከት አጋለጠው ማለት ነው። እንደ ሴስና ካራቫን ያለ ካቢኑ የማይሞላ ትንሽ አውሮፕላን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ሄሊኮፕተርም እንዲሁ። አገራችን ተራራ ላይ ስለሆነች ከሌላ የተቀዳ ጥቅል ሕግ እኛ ዘንድ ሲመጣ ይፈርሳል። ለዚህ ነው መለካት እንጂ መገመት የማይሆነው። ከመነሳት በፊት ለካ፣ ከፍታው ሲለወጥ ለካ፣ ስትደርስ ለካ።

መለካት ስል በማኖሜትር ነው። በጣት መጫን አያስተማምንም። እጃቸው የለመደ ባለሙያዎች እንኳ በጣት ሲገምቱ በብዙ እንደሚሳሳቱ በተደጋጋሚ ታይቷል። እኔ ጣርማበር ላይ በጣቴ ያወቅሁት ልዩነቱ በጣም ግልጽ ስለነበረ ነው። 35 ቢሆን ኖሮ ጣቴ ምንም አይለኝም ነበር።

አንዳንድ የአየር ቡድኖች ካፉን በአየር ፈንታ በጨው ውሃ ይሞሉታል። ውሃ ከፍታ ሲጨምር አይሰፋም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ለእኛ መንገድ ግን አልመርጠውም። ውሃ የሞላውን ካፍ በተለመደው ማኖሜትር መለካት አይቻልም። ተቀባዩ ሆስፒታል ውሃ መሆኑን ካልተነገረው አየር መስሎት ይጨምርበታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ እኛ ሄሊኮፕተር ላይ ያለው የሌለው ዕድል አለን፤ መቆም እንችላለን። ሞተር አጥፍተን፣ ማዳመጫ አንስተን፣ መሥራት እንችላለን። ሄሊኮፕተር ውስጥ ማዳመጫ ከጩኸቱ የተነሳ ጥቅም የለውም። እዚያ የሚታመነው የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሞገድ የሚያሳየው ካፕኖግራፍ ነው። ሞገዱ ካለ ቱቦው በቦታው አለ። ሞገዱ ከጠፋ ቱቦው ወጥቷል፣ ተዘግቷል ወይም ታካሚው ልቡ ቆሟል። ሳቹሬሽን ይህን የሚናገረው ዘግይቶ ነው። በየአምቡላንሳችን አንድ ነገር ብቻ ጨምሩ ብባል ካፕኖግራፍ ነው የምለው፤ ሁለተኛ ማኖሜትሩ።

ስንወርድስ?

ወደ እናትየው ጥያቄ ልመለስ። ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ የሚላክ ታካሚ ይወርዳል። በጫጫ፣ በሸኖ፣ በአለልቱ፣ በሰንዳፋ አድርጎ ጥቂት መቶ ሜትር ዝቅ ይላል። ብዙ አይደለም፤ ግን ካፉ ከመነሻው ዝቅ ብሎ ከነበረ ከ20 በታች ለመውረድ ይበቃል። ከደብረ ብርሃን ወደ ቆላው የሚመለስ ሰው ቱቦ ይዞ ስለማይመለስ ያ አቅጣጫ ብዙ አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ የጀማ ሸለቆ ነው። ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ታካሚ መጀመሪያ ቁልቁል ወደ ወንዙ ይወርዳል። ከዚያ ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅብ ይወጣል። ወንዙ ጋ ሲደርስ ካፉ ይሟሽሻል። አየር ሲሾልክ ይሰማል፣ አንዳንዴም ታካሚው ድምፅ ያወጣል። አብሮ የሄደው ነርስ ትክክለኛውን ነገር ያደርጋል፤ በሲሪንጅ አየር ይጨምራል። ድምፁ ይቆማል። መኪናው ዳገቱን ይያያዘዋል። ታች ላይ የተጨመረው አየር ላይ ሲደርስ የደም ሥር ያንቃል። በትክክለኛው ሰዓት የተሠራ ትክክለኛ ሥራ ከአንድ ሰዓት በኋላ ጉዳት ይሆናል። ታች ላይ አየር የጨመረ ሰው አናቱ ላይ መልሶ መለካት አለበት። ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዞ የሚሄድ አንባቢ ካለ ለእኔ በቂ ነው።

አውሮፕላን ላይም ይኸው ነው። ሰማይ ላይ ግፊቱን ያስተካከለ ባለሙያ ለማረፍ መውረድ ሲጀምር ሥራው አላለቀም። ሁሉም ሰው ቀበቶውን በሚያስርበት በዚያ ሰዓት ካፉ እየሟሸሸ ነው።

ቱቦው የሚወጣው የት ነው

ስለ ካፍ ይህን ያህል ካወራሁ ስለ ቱቦው ራሱ ሳልናገር ማለፍ ልክ አይመስለኝም። የካፍ ጉዳት ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። ቱቦው ከወጣ ግን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል።

ብዙ ሰው ቱቦ የሚወጣው መኪናው ሲዘል ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። አደጋው ያለው ስናነሳ ስናወርድ ነው። ከአልጋ ወደ ቃሬዛ፣ ከቃሬዛ ወደ አምቡላንስ፣ ከአምቡላንስ ወደ ሌላ አልጋ። በር ላይ አራት ሰው ይሰበሰባል። አስታማሚው ሊያግዝ እግሯን ይይዛል፣ ጥበቃው ይገፋል፣ አንዱ «በአንድ፣ በሁለት» ሳይል ያነሳል። አምቡ ባጉ ከቱቦው ጋር እንደተያያዘ አንዱ ቦታ ይያዛል። ሰውነቷ ሄደ፣ ባጉ ቀረ፣ ቱቦውም ከባጉ ጋር ቀረ። አየር ላይ የሚሠሩትም ይህንኑ ነው የሚሉት፤ የሄሊኮፕተር በር ጠባብ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ሰው በተሰበሰበበት ማስፈጸሙ ነው። ጭንቅላት የሚይዘው ሰው ያዛል። ሌላው ሁሉ የእሱን ድምፅ ይጠብቃል። ከማንሳት በፊት ባጉ ከቱቦው ይለያል፤ ለጥቂት ሰከንድ ነው፣ ትንፋሽ ተሰጥቶ ከዚያ ይነሳል። አንድ እጅ ቱቦውን ከጥርስና ከመንጋጋ ጋር አጣምሮ ይዞ አይለቅም። ካረፈች በኋላ መጀመሪያ የሚታየው ቱቦው ጥርስ ላይ ስንት ቁጥር እንዳለው ነው። ለሴት ብዙውን ጊዜ 21፣ ለወንድ 23 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። ከመነሳታችን በፊት ያለው ቁጥር ካልተጻፈ ግን ሲደረስ የሚነጻጸርበት የለም።

አንገትም መርሳት የለብንም። አገጭ ወደ ደረት ሲወርድ የቱቦው ጫፍ ወደ ታች ይገባል፣ ወደ ቀኝ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። አገጭ ወደ ላይ ሲነሳ ጫፉ ወደ ላይ ይወጣል። ጣርማበር ጥምዞች ላይ ጭንቅላት ከግራ ቀኝ ሲንከባለል ቱቦውም አብሮ ይሄዳል። ግራና ቀኝ በጥቅል ጨርቅ መደገፍ ወጪ የለውም።

ቱቦው የሚታሰርበት ነገር ላይ ደግሞ እልኸኛ ሆኛለሁ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሪፈር ሲባል ጥድፊያ አለ፤ ሹፌሩ ሞተር አስነስቷል፣ ቤተሰብ ያለቅሳል፣ ፕላስተሩ በላብና በምራቅ በረጠበ ጉንጭ ላይ ይለጠፋል። ደብረ ሲና ሳይደርስ ይነሳል። ጉንጭ ይጠረግ፣ ይድረቅ፣ ከዚያ ይለጠፍ። በላዩ ላይ በአንገት ዙሪያ የጋዝ ማሰሪያ ይጨመር፤ ግን የአንገትን ደም ሥር እስኪያንቅ አይጠበቅ፣ በተለይ ጭንቅላቱ የተመታ ታካሚ ላይ። ይህ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ሁለቱን ደቂቃ ለምኜም፣ ተቆጥቼም አገኛቸዋለሁ።

ኦክስጅኑም በግምት አይሆንም። በደቂቃ 10 ሊትር የሚወስድ ታካሚ በሦስት ሰዓት 1,800 ሊትር ይጨርሳል። መንገድ ላይ መኪና ይበላሻል፣ የጭነት መኪና ዋሻው ውስጥ ይቆማል። ስለዚህ እጥፉን መያዝ ነው።

ሪፈር ወረቀቱ ጠርዝ ላይ

የኛ ሪፈር ወረቀት ስም፣ ዕድሜ፣ ምርመራ፣ የተሰጠ መድኃኒት የሚል ቦታ አለው። የቱቦው ቁጥር፣ ጥርስ ላይ ያለው ልክ፣ የካፉ ግፊትና የተለካበት ሰዓት የሚጻፍበት ቦታ የለውም። እኔ ጠርዙ ላይ እጽፋለሁ። የተለካበትን ከተማ ጭምር እጽፋለሁ። «ሸዋ ሮቢት 25፣ ጣርማበር ላይ ተቀንሶ 25፣ ደብረ ብርሃን ሲደረስ 24» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት የሚቀበል ባለሙያ ምን እንደሆነ ወዲያው ይገባዋል። ወረቀት ብቻውን አይበቃም። በቃልም እነግረዋለሁ፣ ማኖሜትሩን አውጥቼ አብረን እንለካለን።

አዎ፣ አሁን ማኖሜትር አለን። ኦፕራሲዮን ክፍል ነበር የተቀመጠው። ከታካሚ ጋር ወጥቶ እንዲሄድ ለማስፈቀድ ብዙ ተከራክረናል። «ይጠፋል» የሚል ስጋት ነበር። ስጋቱ ይገባኛል፤ የሚጠፋ ነገር ብዙ አይተናል። መዝገብ ተዘጋጀ፤ አብሮ የሚሄደው ይፈርማል፣ ሲመለስ ያስረክባል። እስካሁን ሁሌም ተመልሷል። በሰሜን ሸዋ ያሉ ሌሎች ሆስፒታሎችም እንዲሁ ቢያደርጉ ደስ ይለኛል። መሣሪያው ትንሽ ነው፣ ባትሪ አይፈልግም፣ በጋውን ኪስ ይያዛል። የዳገት መንገድ ያለባቸው ደግሞ ሁለት ቢኖራቸው፤ አንዱ መንገድ ላይ ሳለ ሌላ ታካሚ ይመጣል።